ከቤታችሁ አይደለም አሉኝ

ውዴ ዘይነብ፣

አላህ በራህመቱ ይቀበልሽ። ከተለያየን ሁለተኛው ረመዳን ገባ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንዳለ ነው፤ እኔም ባጃጄን እየነዳሁ አለሁ። የልጃችን የሐያት የፊት ጥርስ ወልቋል፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ይህን የምጽፈው ደስ እንዲልሽ ነው እንጂ፣ ቤታችን ያለ ፍርሃት ውሎ አያውቅም።

አንቺን የወሰደሽ በሽታ መድኃኒት የማይበግረው ቲቢ መሆኑን ካወቅን ወዲህ እናትሽ ሐያትን አላቀፏትም። ከዓመታት በፊት በዚሁ በሽታ ተይዘው ታክመው እንደዳኑ ታውቂያለሽ። ሳህናቸውን ለይተው ደጅ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ልጅቷ ሮጣ ስትመጣ "ወዲያ ሁኚ!" ብለው ይጮኹባትና ፊታቸውን በሻሻቸው ይሸፍናሉ። ልጃቸውን የገደሉ እሳቸው መስሏቸው ነበር።

እኔ ደግሞ የገደልኩሽ እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ከኋላዬ ተቀምጦ የሚያስለውን ስንቱን በሽተኛ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሻለሁ! ያንን ትንፋሽ ይዤ ገብቼ ከጎንሽ ተኛሁ እላለሁ። ከእናትሽ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን፣ አንዳችን ለሌላችን ሳንተነፍስ ከረምን።

ባለፈው ሰሞን፣ ለእግርሽ ቁስል ተኝተሽ ከከረምሽበት ሆስፒታል፣ በሽታው ከየት እንደያዘሽ ታውቋልና ና ተብሎ ተደወለልኝ። የደብረ ሲናን ዳገት ስወጣ ጉሙ ሲቀበለኝ ከመኪናው ወርጄ ልመለስ ብዬ ነበር። ያስያዝካት አንተ ነህ ቢሉኝ ሐያትን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ሐኪሟ ዝግ ብላ አስረዳችኝ። ከአክታሽ ያገኙትን የቲቢ ተዋህሲ አስቀምጠውት ኖሯል። ዘረመሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብበው ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር አስተያዩት። "ተዋህሲው ከሰው ወደ ሰው እየተሻገረ ሲሄድ ጥቂት ጥቂት ይለወጣል። ልዩነቱ እጅግ ካነሰ፣ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው በቅርብ የተላለፈ ነው" አለችኝ። ያንቺ ተዋህሲ ካንቺ ጋር በዚያው ክፍል ተኝታ ከነበረች ሴት ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ሆነ። ሴትዮዋ አንቺ ሳትገቢ ጀምሮ ታስል ነበር፤ ቲቢ መሆኑ የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው።

"ከቤት አይደለም ማለት ነው?" አልኳት።

"ከቤታችሁ አይደለም። የያዛት እዚህ ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።"

ስም አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ግን ዘይነቤ፣ አወቅሁ። ከጎንሽ አልጋ የነበሩትን የቀወት ወረዳ ገበሬ ሚስት፣ እትዬ አስካለን፣ ቀና አድርገሽ ውሃ የምታጠጪያቸው አንቺ ነበርሽ። "ጠያቂ የላቸውም፤ እናቴን ይመስሉኛል" ትይኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ለእናትሽ ነገርኳቸው። አስደገሙኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እኔም ያን ጊዜ የራሴን ፍርሃት አወጣሁላቸው።

"አንተም?" አሉኝ።

"እኔም፣ እማማ።"

ሐያት መጥታ መሃላችን ገባች። እናትሽ አልገፏትም።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቀንም። ሐኪሟ ካንቺ ጋር የኖረ ሁሉ ይመርመር ብላ ነበርና ሐያትን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ወረፋ ስንጠብቅ እትዬ አስካለ መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጡ። ከስተዋል፤ ግን በእግራቸው ይሄዳሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"ዘይነብ እንዴት ናት? የወለድኩት እንኳ እንደሷ አልሆነልኝም!"

ንዴት ነበረኝ፤ አልዋሽሽም። እሳቸው ተርፈው፣ አንቺ...

"አላህ ወሰዳት" አልኳቸው።

"ኧረ በምን?"

አንዲት ቃል ብጨምር ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሸክመዋት ይኖራሉ። "ታማ" ብቻ አልኳቸው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ እዚያው ወረፋው መሃል ምርር ብለው አለቀሱልሽ።

ሐያት ለጊዜው ምንም አልተገኘባትም። ክትትሉ ግን ገና ረጅም ነው። ባሳለች ቁጥር ከተቀመጥኩበት ብድግ እላለሁ። አቧራ ነው፣ በርበሬ ነው እላለሁ፤ ልቤ አያምነኝም። እፈራለሁ፣ ዘይነቤ።

ስታድግ ምን እንደምነግራትም እፈራለሁ። እናትሽ ሰው ስትረዳ ተይዛ ሞተች ብላት፣ ሰው መርዳት የምትፈራ ልጅ እንዳላሳድግ እሰጋለሁ። ብደብቃት ደግሞ አንቺን ሳታውቅሽ ልትቀር ነው። ስለዚህ ፍርሃቴን ጭምር ሁሉንም እነግራታለሁ። በየዱዓዬ ስምሽን እጠራለሁ። ከስምሽ ቀጥዬ የእትዬ አስካለን ጤና ለመለመን ግን አፌ ገና አልታዘዘኝም፤ እየሞከርኩ ነው። አንቺን ግን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳሽም።

ባልሽ ጀማል