ዳለቻን ያሸጠው ስሌት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5። ከሰዓት 10፡00

የ8ኛ ለ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ግማሾቹ አሁንም የ"ያንሳል"ን ምልክት ገልብጠው ይጽፋሉ። ሽንኩርት በኪሎ ይህን ያህል፣ ዘይት በሊትር ይህን ያህል፣ እጅሽ ላይ 500 ብር፣ ስንት ትገዣለሽ ስላቸው ግን ክፍሉ በሙሉ እጅ ያወጣል። ብር ሲነሳ ሁሉም ሒሳብ አዋቂ ነው።

እኔም ቤቴን ክፍል አድርጌዋለሁ። ዛሬ ምሳ ላይ የዳለቻን ሒሳብ ሠርቼ ለባሌ ለከማል አሳየሁት። ዳለቻ የእናቱ የእማማ ዘሀራ ላም ናት። ለሻይ ቤቱ የሚሸጠው ወተት በቀን 1 ሊ.፣ በ70 ብር፣ በወር 2,100። መኖ በወር 3,300። 2,100 < 3,300። በየወሩ 1,200 ብር ላሟ ትበላናለች። እሷ ብትሸጥ በረቱ ፈርሶ ሁለት የኪራይ ክፍል ይወጣዋል። ከኪሳራ የሚተርፈውን 1,200 ደግሞ በየወሩ ለእማማ የኪስ እንሰጣለን። ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

ከማል ሳቀብኝ። ሌላው ላም አለኝ በሰማይ ይላል፣ አንቺ ደግሞ ኪራይ አለኝ በሰማይ አለ። ግን ወረቀቱን ሁለቴ አየው። እማማ አላዩትም። አንቺ ካልሽ ልጄ፣ ብለው ወደ በረቱ ሄዱ።


እሁድ፣ ጥቅምት 10። ማታ 1፡00

ተሸጠች። ሰንበቴ ገበያ ላይ፣ በ62 ሺህ። ከቆላ የመጣ ነጋዴ ነው የወሰዳት አሉ። ከማል ዋጋው ጥሩ ነው ይላል። እማማ ከማል ከሚነዳው አይሱዙ ሲወርዱ ገመዷን በክንዳቸው ጠቅልለው ይዘዋል። እራት አልፈልግም አሉ። ደክሟቸው ነው።

ወር ሳይሞላ 1,200ውን ሰጠኋቸው። ተቀብለው መረቁኝ። ምርቃቱ ከበደኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጽፍም።


ዓርብ፣ ጥቅምት 15። ጧት 1፡30

ብሎኬት ገባ። በረቱ ፈረሰ። ግቢው ሰፊ ሆነ፣ ሽታውም ጠፋ። ለስንት ዓመት የመ/ራን ጓደኞቼን ቤት ለመጥራት የማፍረው በዚህ ሽታ አልነበር?

ግን ጧቱ ጭር ብሏል። ድሮ ሳልነሳ ነው አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደራችሁ የሚለው ድምፅ የሚቀሰቅሰኝ። ያቺ ማሰሮ፣ ያቺ ኩባያ፣ ያቺ የላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ትመጣለች። አንዷ ቆማ ታወራለች፣ ሌላዋ ተቀምጣ ትቀራለች። በእኛ ሰፈር ላም ያላት ሴት ለሻይ ቤት ትሸጥ ይሆናል እንጂ ለጎረቤት ወተት አትሸጥም፤ ነውር ነው። ትሰጣለች። አሁን የሚሰጥ የለም፣ የሚመጣም የለም። እማማ በርጩማቸውን አውጥተው በሩን እያዩ ይቀመጣሉ። ሰው ቢመጣ ብለው ነው።

ይለምዱታል። ሁሉም ነገር ይለመዳል።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26። ቀን 8፡00

አልተለመደም። እኔም አልለመድኩትም።

ዛሬ ከት/ቤት ስመለስ የማሽላ አገዳ የጫኑ ጋሪዎች ከጨፋ በኩል ተከታትለው ሲገቡ አየሁ። ዋጋ ጠየቅኩ። ምን ልሁን ብዬ እንደጠየቅኩ አላህ ይወቅ። በዚህ ዋጋ የዳለቻ መኖ በወር 1,800 እንኳ አይሞላም። 2,100 > 1,800። ምልክቱ ዞረ።

አንቺን እንኳ ዋሽቼሻለሁ፣ ማስታወሻዬ። ያ 3,300 የክረምት ዋጋ ነው፤ በዓመቱ ውድ የሆነው። አጨዳ እየደረሰ መሆኑን የቦርከናን ሜዳ በየቀኑ እያየሁ አላውቅም ነበር ልል ነው? ወተቱስ? ዳለቻ በቀን የምትሰጠው 4 ሊ. ነው። የሸጥነውን አንዱን ጻፍኩ። ቤት የምንጠጣውንና ለጎረቤት የሚሄደውን ሦስቱን ተውኩ። አልረሳሁም። እስክሪብቶዬን አንስቼ አሰብኩና ተውኩት። ሦስቱን ብጽፍ መልሱ "አትሸጥ" ይሆናል። እኔ ደግሞ ክፍሎቹን ፈልጌያለሁ።

ተማሪ እንዲህ ቢሠራ ዜሮ ነው የምሰጠው። አፍራለሁ። ከማል አውቋል ወይ? አያውቅም። እናቴ ራሷ ተስማምታ ነው ይላል ለሰው ሁሉ።


ዓርብ፣ ኅዳር 6። ከሰዓት 11፡00

እማማ ወደቁ።

ከጁምዓ በኋላ፣ በሩ ላይ። ከማል ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ነው። በባጃጅ ጤ/ጣቢያ አደረስኳቸው። ደም ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሏል። ነርሷ መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዱ እንደሆነ ጠየቀች። አዎ አልኩ፣ በሙሉ ልብ። እማማ አንገታቸውን ደፉ። ቤት መጥቼ ፌስታላቸውን ፈተሽኩ፤ ያለው ባዶ ሽፋን ብቻ ነው። ያለቀው ባለፈው ወር ነው።

መድኃኒቱ በወር 800 ብር ነው። እኔ የሰጠኋቸው 1,200። ታዲያ ብሩ የት ገባ? ተናድጄ ነበር፣ እውነቱን ልጻፍ። ለማን እየሰጡት ነው ብዬ ተናደድኩ።

አሁን ተኝተዋል። አልሐምዱሊላህ፣ ትንሽ ቀለል ብሏቸዋል።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 7። ቀን 7፡00

የት እንደገባ አወቅኩ።

ጎረቤታችን እታለም ሐዋ ልትጠይቃቸው መጣች። ጡት የጣለውን የልጅ ልጇን ታቅፋ። ስሸኛት በር ላይ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ላሟ ከተሸጠች ወዲህ እንኳ የልጁ ወተት አንድ ቀን አልተጓደለም፣ አላህ ይጨምርላችሁ አለችኝ። ሻይ ቤቱ ሄጄ ጠየቅኩ። እማማ በየጧቱ ከሻይ ቤቱ ግማሽ ሊትር እየገዙ፣ በራሳቸው ማሰሮ እየገለበጡ ሲወስዱላት ኖረዋል። ሐዋ እኛ የገዛነው መስሏታል።

ግማሽ ሊትር በቀን 35 ብር። በወር 1,050። ከመድኃኒቱ ጋር 1,850። 1,850 > 1,200። አይበቃም። ድሮ የወተቱ 2,100 በእጃቸው ነበር፤ መድኃኒቱንም ይችላል፣ ወተቱም ከቤት ነው። እኔ ነኝ ከሁለት አንዱን ምረጡ ያልኳቸው። መረጡ።

ገብቼ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው። ነገሩን ከሥሩ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፣ ስለ ክረምቱ ዋጋ፣ ስለ ሦስቱ ሊትር። ቀደሙኝ። እሳቸው ፀጉሬን እየነካኩ፣

"ኢንተሎ፣ ልጄ፣ እኔ ላሜን ሸጥኩ እንጂ ጎረቤቴን አልሸጥኩም" አሉ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ። የታመሙት እሳቸው፣ የሚያባብሉትም እሳቸው።


ያው ዕለት። 11፡30

መድኃኒቱን ገዝቼ መጣሁ። በእጄ አጠጣኋቸው።

ከላሟ ዋጋ የቀረው 38 ሺህ ነው። ገና ያልተሠራበትን ብሎኬት ሻጩ በ14 ሺህ መልሶ ይወስዳል፤ ደውዬ ጠይቄያለሁ። 52። ለጓዳ ካጠራቀምኩት የራሴ 11። 63 ሺህ። ዳለቻን አናገኛትም፤ የምትታለብ ላም ግን በዚህ ይገኛል። ነገ እሁድ ነው፣ ሰንበቴ። እማማ መንገዱን አይችሉም። ከማል መሄድ አለበት። ከማልን ለማስኬድ ለምን እንደሆነ መናገር አለብኝ።

ሌላም መንገድ አስቤያለሁ፣ አልደብቅሽም። ሒሳቡ ተለወጠ፣ አገዳ ረከሰ ብዬ ብነግረው ያምናል። ውሸትም አይደለም። ክብሬ እንዳለ ይቀራል። ግን ያን ጊዜ እናቱ ሽጡ ብለው ተሸጠች፣ ግዙ ብለው ደግሞ ተገዛ ይባላል። ጥፋቱ በእሳቸው ላይ ይቀራል። በቃ። አልኩ በቃ። ወረቀቱን ከፊቱ ዘርግቼ የተውኩትን ሦስት ሊትር እጽፍበታለሁ፤ አውቄ ነው እለዋለሁ።

አይሱዙው ቆመ። በሩ ተንኳኳ። ሳይቀመጥ ነው የምነግረው። ከተቀመጠ ሻይ አቀርባለሁ፣ ሻይ ካቀረብኩ መንገዱን ይነግረኛል፣ መንገዱን ከነገረኝ እኔ…