እትዬ ስጋትና ያልታመነው ነፋስ

የወደቡ ሰው ሁሉ «እትዬ ስጋት» እያለ የሚጠራቸው አክስታችን ከጀልባ ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1952 ዓ.ም. ከወደቡ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ቤት ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ሰማዩ ሲደፈርስ ከማዕድ ተነስተው የአባታቸውን የጀልባ ገመድ ሳይፈትሹ አይመለሱም ነበር። ስጋት ከእሳቸው ጋር አብሮ ያደገ ነው።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው በ1970 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1982 ዓ.ም. በአየር ንብረት ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ከዚያም በከተማ ባለ የምርምር ማዕከል፣ ወቅት ጠብቆ ከባሕር የሚመጣውን የሞንሱን ዝናብንና የሐሩር አውሎ ነፋስን በኮምፒውተር ሞዴል ሲያጠኑ ኖሩ። ሥራቸው አንዱን ስሌት፣ መነሻውን በጥቂቱ እየቀያየሩ፣ ደጋግሞ ማስኬድ ነበር። ነፋሱ ሊሄድባቸው የሚችላቸው መስመሮች ስክሪኑ ላይ እንደ ተበተነ ክር ይዘረጋሉ። ባልደረቦቻቸው መስመር የበዛበትን አቅጣጫ ሲያዩ፣ የእሳቸው ዓይን ወደ ወደባችን ከሚመጡት ጥቂቶች አይነቀልም ነበር። በ1984 ዓ.ም. ከአንድ የሒሳብ መምህር ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸውም «ያገባሁት አንዲት ሴት ከነነፋሷ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. እነዚያ ጥቂት መስመሮች ቢያስጨንቋቸው አክስታችን በሬዲዮ አስጠነቀቁ። የወደቡ ሰው ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ወጣ። ነፋሱ ግን ተጠምዝዞ ወደ ጥልቁ ባሕር ሄደ፤ ባዶ ቤት ያገኘ ሌባም መረቡንና ድስቱን ጠርጎ ወሰደ። «እትዬ ስጋት» የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው። ስሙን ስቀው ተቀበሉት፤ ልባቸው ግን ቆሰለ። ከዚያ ወዲህ የሚያስፈራቸው ነፋሱ ብቻ ሳይሆን ዳግመኛ የሚያምናቸው ማጣት ሆነ።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በ2003 ዓ.ም. መስመሮቹ እንደገና ወደ ወደቡ ዞሩ። ሬዲዮው ለፈለፈ፤ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጀልባ ነጂው ታናሽ ወንድማቸውም አልነቃነቅም አሉ። አክስታችን አውቶቡስ ተሳፍረው መጡና ሻንጣቸውን ወንድማቸው ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ተቀመጡበት።

«እትዬ፣ ጀመረሽ ደግሞ!» አሉ ወንድማቸው።

«ተሳስቼ ይሆናል፣ እንጃ። አንተ ካልሄድክ ግን እኔም እዚሁ ነኝ» አሏቸው።

ወንድማቸው እህታቸው ከሻንጣው እንደማይነሱ አዩ። ለነፋሱ ሳይሆን ለእህታቸው ሲሉ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ፤ እሳቸውን ያየ ጎረቤትም ተከተለ። ነፋሱ ሲያልፍ ከዚያ ሰፈር የቆመ ግድግዳ አልተገኘም፤ ከሰው ግን አንድም አልጎደለም። አክስታችን ግን ያን ቀን እንኳ አልተረጋጉም፤ የሚቀጥለውን ያስቡ ነበር።

አክስታችን በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ ዛሬ በእሳቸው ወንበር ተቀምጣ ሞዴሉን የምታስኬደውን ልጃቸውን፣ ባሕሩ ላይ የተነሳው ነፋስ ወዴት እንደሚያመራ ጠየቋት። «አብዛኞቹ መስመሮች ወደ ጥልቁ ነው፣ እማዬ» አለቻቸው። «ጥቂቶቹስ?» አሉ። እጇንም አጥብቀው ያዙ።

ማክሰኞ ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ወንድማቸውና የወንድማቸው ልጆች በእጅጉ አዝነናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማዕበል በማይደርስበት ያኑርልን።

እነዚያ ጥቂት መስመሮች ዛሬ ጠዋትም ወደ ወደባችን ነው የሚመጡት። ስለዚህ የወደቡ ሰዎች ሆይ፣ ከቀብሩ በኋላ ወደ ቤታችሁ አትመለሱ፤ ለቅሶ የምንቀመጠው ኮረብታው ላይ ባለው ትምህርት ቤት ነው። ልጆቻችሁንና አዛውንቶቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ተሳስተን ይሆናል፣ እንጃ። ለእሳቸው ስትሉ ውጡ።