የካሜራ ፍላሽ አመራረጥን ላስተማሩኝ ለገበያ አዳራሹ ጥበቃ ኃላፊ

ለተከበሩ የገበያ አዳራሹ የጥበቃ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ጥበቃዎችዎ፣ ይልቁንም የጥበቃዎችዎ ጫማ እንደምን ከርሟል? እኔ ከተሰፋው ቅንድቤና ሳስል ከሚወጋኝ ጎኔ በቀር ደህና ነኝ። ታናሽ ወንድሜም መንጋጋው በሽቦ ታስሮ፣ አንድ እጁ ከሆስፒታሉ አልጋ ጋር በካቴና ተቆልፎ፣ በቀጭን ቱቦ ሾርባ እየሳበ ሰላምታውን ያቀርብልዎታል። አፉ ስለማይከፈት ሰላምታውን ያቀረበው ባልታሰረው እጁ በምልክት ነው፤ ምልክቱ ምን እንደነበረ ግን እናታችን ያስተማረችን ጨዋነት እንድጽፈው አይፈቅድልኝም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከመነሻው ልጀምር። አዲስ የደንብ ልብስ የለበሱ ጥበቃዎችዎን አዳራሹ ውስጥ ፎቶ እንዳነሳ የጠሩኝ እርስዎ ነዎት። አዳራሹ በቀንም ጨለማ ስለሆነ ብርሃን ይዤ እንድመጣ አጥብቀው ስላሳሰቡኝ፣ ካሜራዬ አናት ላይ የሚሰካ፣ ኪሴም የሚችለው ፍላሽ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። ያገለገሉ ዕቃዎች የምትሸጥ አንዲት ትዕግሥተኛ ሴት ሦስት አወጣችልኝ። አንደኛውን፣ ስመ ጥሩውን፣ እንደ ባለሥልጣን ከሩቅ እጅ ነስቼ አለፍኩት። ሁለተኛው የሚያስፈልገውን ብርሃን ራሱ እየለካ የሚሰጥ ነበር፤ የእሱም ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም። ሦስተኛው ርካሽ ነበር። «ወንድሜ፣ ይሄ መመጠን የሚባል ነገር አያውቅም፤ አንዴ ከነኩት ያለውን ሁሉ ነው የሚለቀው» ብላ አስጠነቀቀችኝ። እሱን ገዛሁ። አሁን ሳስበው ስለ ጥበቃዎችዎ እየነገረችኝ የነበረ ይመስለኛል።

በቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ ስደርስ፣ ጥበቃዎችዎ የተቀደደ ልብስ ፎቶውን እንዳያበላሽ ተሸካሚዎቹን ከአዳራሹ እያባረሩ ነበር። ተሸካሚ የሆነው ወንድሜ ጆንያ እንዳዘለ «ላራግፍና እወጣለሁ» አለ። ይህ ቃል ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነ የገባው እየጎተቱ ከኋላ ወዳለው መጋዘን ሲያስገቡት ነው። ጩኸቱን ሰምቼ ሮጥኩ፤ በሩ ላይ ቆሜ ካሜራዬን ወደ ጨለማው ደቀንኩና ተጫንኩት። ፍላሹም እንደተባለው ያለውን ሁሉ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ የቀሰምኩትን ትምህርት፣ ለሌሎች ፍላሽ ገዢዎችም ይጠቅም ዘንድ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ክብደት። ፍላሽ ሲቀል አንገት አያደክምም ይላሉ ሻጮች፤ በፍላሹ ለሚመታ ሰው ግን ምክር የሚሰጥ የለም። ጥበቃዎ ፍላሹን ከካሜራዬ ነቅሎ በእሱው ቅንድቤን ሲተረትረው፣ ዕቃው ባዶ ፕላስቲክ ስለነበር በስፌት ብቻ ተገላገልኩ። ስመ ጥሩው ቢሆን ኖሮ ዓይኔንም ይዞት ይሄድ ነበር። ድህነት በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ውለታ ዋለልኝ።

፪ኛ. ስለ ጥንካሬ። ሻጯ ቢወድቅም አይሰበርም ብላኝ ነበር፤ ምስኪን፣ ባለ ደንብ ልብስ ዘሎ እንደሚወጣበት ከየት ትገምት? በዚያው ጫማ ፍላሹም የጎን አጥንቴም ስለተረገጡ፣ ሁለቱን ለማነጻጸር ከእኔ የተሻለ ሰው አይገኝም። ፍላሹ በመጀመሪያው ረገጣ ተበተነ፤ የጎን አጥንቴ እስከ ሦስተኛው ተከራከረ።

፫ኛ. ስለ ፍጥነት። ርካሽ ፍላሽ አንዴ ካበራ በኋላ፣ ለሁለተኛው እስኪሞላ ድረስ እንደ ትንኝ እየጮኸ ያስጠብቃል። የወንድሜ መንጋጋ የተሰበረው ያ ሲጮህ ነው፤ ፍላሹን ገና አልነጠቁኝም፣ እኔም ጣቴን የካሜራው መጫኛ ላይ አድርጌ ብርሃን እጠብቃለሁ። ጨለማው ውስጥ ቆመጥ ያርፋል፣ ወንድሜ «ጋሼ! ጋሼ!» ይለኛል። ቀጥሎ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣና ጋሼ ማለቱን አቆመ። ጥበቃዎችዎ በአንዱ ምትና በሌላው መካከል መሙላት አላስፈለጋቸውም። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በትሕትና ጽፌያለሁ፤ ይህችን ቁጥር ስጽፍ ግን እጄ ያማረው እስክሪብቶ ሳይሆን የእርስዎ ጉሮሮ ነበር፣ ይቅርታዎን።

፬ኛ. ስለ ክሱ። ወንድሜ በጆንያ መሳቢያ ሜንጦ ጥበቃዎችን ሊገድል ሞክሯል ተብሎ ሰኞ ችሎት አለው። ከተፈረደበት ከአልጋው በቀጥታ ወህኒ ይወርዳል፤ የመንጋጋውን ሽቦ የሚፈታለት ሐኪምም እዚያ አያገኝም። እርስዎ በሰጡት ቃል፣ የደረሱት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ እንደሆነ ገልጸዋል። እኔ አልከራከርም፤ በገዛ ብርሃኔ ዓይኔ ጨልሞ ያየሁት ሰው የለም፤ ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው። ሆኖም አንድ ውለታዎ አለብኝ። ጥበቃዎ፣ ያበራው ዕቃ ምስሉንም የያዘ መስሎት፣ የፍላሹን ስብርባሪ አንድ ሳያስቀር ለቃቅሞ፣ እንደተገደለ እባብ በፌስታል አምጥቶ አሳየዎት። እርስዎም ረክተው፣ የደንብ ልብሱ ፎቶ በማግስቱ እንዳይስተጓጎል ካሜራዬን በገዛ እጅዎ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ክቡር ሆይ፣ ፍላሽ ያበራል እንጂ ምንም አይዝም፤ ፎቶው የሚቀረው ካሜራው ውስጥ ነው። አሁንም እዚያው አለ። ወንድሜ ተንበርክኳል፤ ሁለት እጆቹ በገዛ መሸከሚያ ገመዱ ወደ ኋላ ተጠፍረዋል። በሜንጦ ተዋግቷል ከተባለ በጥርሱ ነክሶ ይዞት መሆን አለበት፤ ጥርሶቹን ያረገፋችኋቸውም ለዚህ ከሆነ አሁን ገባኝ።

እንግዲህ ስለ ስፌቱ፣ ስለ አጥንቱ፣ ስለ ካሜራውም አመሰግናለሁ። እጅዎን አይመምዎ ብዬ እንዳልመርቅዎ ወንድሜ ይቀየመኛል፤ ስለዚህ ዕድሜ ብቻ ይስጥልኝ፣ የሚጠየቁበትን ያህል።

ከታላቅ አክብሮትና ከግማሽ ትንፋሽ ጋር፣
የእርስዎው ፎቶ አንሺ።

የረሳሁት፦ ፎቶው በትልቁ ታትሞ ዳኛዋ እጅ ገብቷል። ከሁሉም መካከል ወደ ካሜራው የዞሩት እርስዎ ብቻ ሲሆኑ፣ የሚያሳዝነው ነገር ዓይንዎ ተጨፍኗል። ዓይኑ የተጨፈነበትን ደንበኛ በነጻ ደግሜ ማንሳት ደንቤ ነው። የእርስዎን ግን እንዳለ አስረክቤዋለሁ፤ በእጅዎ ያነሱት ቆመጥ ጥርት ብሎ ወጥቷል።