የዳልቻ ወተት

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 1961 ዓ.ም.

ይድረስ አዘና ለሚገኙት ውድ እናቴ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ ብርዱን ቻለው ወይ? ጎረቤቱስ፣ ከብቱስ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቁጭ ብዬ ለመጻፍ በቅቻለሁ። ይህን የምታነብልዎ እህቴ ማናለብሽ ሳትቸኩል ታንብብ፤ ሆዷም ገፍቷልና ተቀምጣ ታንብብ።

የትኩሳቴ ምክንያት ታውቋል። አምና ጀርመኑ አሠሪዬ አገሩ ወስዶ ከደረቴ ቆዳ ሥር ያስቀበረልኝ፣ ልቤ ሲዘገይ የሚቀሰቅሰው ባትሪ፣ እርስዎ «ያ ብረት» የሚሉት፣ ዙሪያው አመርቅዞ ነበር። ሐኪሙ ከፍቶ አወጣው። እስከዚያው ልቤን አልጋዬ አጠገብ ካለ ሳጥን ጋር በሽቦ አያይዘውታል፤ እንደ ጥጃ ታስሬ እውላለሁ። ሰኞ አዲስ ባትሪ በቀኝ በኩል ይቀብሩልኛል። ደሜ ሳይጠራ ከሆነ ግን ይኸኛውም እንደ ፊተኛው ያመረቅዛል፤ ያን ጊዜ የምናደርገው የለም ብሎኛል።

እርስዎ ዘንድ የከረምኩትን ሳስብ እውላለሁ። ክረምቱን ሙሉ ብርድ ይመታሃል ብለው ከደጅ አላስወጡኝም። የንስሐ አባታችንን አስፈቅደው በፍልሰታ እንኳ ወተት አላስቀሩብኝም። ላማችን ዳልቻ ቀኗ ሳይደርስ የጣለችውን ጥጃ ቆዳ ገለባ ሞልተው፣ ፊቷ አቁመው እያስላሱ፣ እንቢ ስትል እያባበሉ ያልቡልኝ ነበር። ማናለብሽ ይፍላ ስትል ተቆጧት፤ የፈላ ወተት ጉልበቱ በጢስ ይሄዳል፣ ለበሽተኛ ከጡት እንደወረደ ነው አሏት። አረፋው ሳይጠፋ፣ ጨርሼ ዋንጫውን እስክመልስልዎ ራስጌዬ ይቆሙ ነበር።

ሐኪሙ ከደሜ ያገኘው በሽታ ከከብት የሚመጣ ነው። በሽታው እንዲህ ያለ ዕቃ የተቀበረለትን ሰው ይዞ አይቶ አያውቅም፤ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ሰነበተ። ያልፈላ ወተት ጠጥተሃል ወይ ብሎ አስጠየቀኝ። አልጠጣሁም አልኩ። የምታስተረጉምለት ነርስ ስሜነሽ የዳንግላ ልጅ ናት። መተርጎሙን ትታ በአገውኛ፣ ወንድሜ፣ አገው አገር ያልፈላ ወተት የማይጠጣ ፈረስ ብቻ ነው፤ መድኃኒቱን በግምት ይስጥህ ወይ አለችኝ። ሳቅሁ። ሽቦው እንዳይነቀል መሳቅ የተከለከለ ነው፤ እሱንም ተቆጣችኝ።

ስለዚህ ጠጥቻለሁ አልኩ፤ ዳንግላ ገበያ የሄድኩ ለታ፣ ከማላውቃት ሴት ገዝቼ። ደግሞ የእኔን አገር አሰደብከው አለችና አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ እንደ ነገርኳት ተረጎመችለት።

መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ትኩሳቱ ለቆኛል። ደሜ መጥራቱን እሑድ ይነግሩኛል። ሐኪሙ ለአገርህ ሰው ንገር ያለኝ ነገር አለ። ጥጃዋን የጣለች ላም ወተቷ ሳይፈላ አይጠጣ፤ ነፍሰ ጡርማ እንዲህ ያለችውን ላም አትጠጋ፣ ጽንሱን ያስወርዳታል ብሏል። የእኛ ከብት እንዲህ ያለ ነገር የለበትም። ብቻ ለማናለብሽ ሲባል ከዛሬ ጀምረው ያፍሉላት። ዳልቻንም እሷ አትለባት። ገለባ የሞሉት ቆዳ ራቅ ብሎ ይቀበር፤ የቀበረውም ሰው እጁን በደንብ ይታጠብ።

እናቴ፣ አያልቅሱ። እርስዎ ዕድሜ ይጨምርለታል ብለው ሰጡኝ፤ እኔም እንደዚያው ብዬ ጠጣሁት። አሁንም ያን ያህል የተንከባከበኝ ሰው የለም።

ሰኞ ጧት በጸሎትዎ ያስቡኝ። የማናለብሽን ልጅ በሰላም ያሳይዎ፤ እኔንም ደጅዎን ለመርገጥ ያብቃኝ። ጎረቤት ከምን ያዘው ብሎ የጠየቀዎ እንደሆነ፣ የዳንግላ ገበያ ወተት ነው ይበሉት። ማናለብሽም እንዲሁ ትበል።

ልጅዎ