የሰንደቁን አንድ ጫፍ ለጓደኛቸው ያቆዩት የመምህር ወልደ አማኑኤል ገብረ ክርስቶስ የሕይወት ታሪክ

ከሁሉ አስቀድሞ፣ እዚህ የሚነበበው ሁሉ እውነት ነው። ይህን ታሪክ እንዲጽፍ ቤተ ዘመድ ያዘዘው የሟቹ የአክስት ልጅ መኳንንት ወዳጆ፣ በአገሩ ወሬ አሳማሪ እየተባለ እንደሚታማ ያውቃል። ስለዚህ ብዕር ከማንሣቱ በፊት ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ፣ መስቀላቸውን ጨብጦ፣ «አንዲት ቃል ብዋሽ ምላሴ ትታሰር» ብሎ ምሏል። እሳቸውም «እሷ ከታሰረችማ አገሩ ያርፋል፤ በል ጻፍ» ብለው አሰናብተውታል።

መምህር ወልደ አማኑኤል ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ክርስቶስ መርስዔ ኃዘን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ማርያም ውባየሁ በመንዝ፣ ቀየት አጠገብ በ1925 ዓ.ም. በወርኃ ኅዳር ተወለዱ። ውርጩ የከበደበት ጊዜ ስለነበረ፣ ሕፃኑን ለማጠብ ውሃው መጀመሪያ በመጥረቢያ ተፈልጦ ነው እሳት ላይ የተጣደው። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከደብሩ መሪጌታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ጸሐፊው አብሯቸው ጀምሮ ነበር፤ እሳቸው ሲጨርሱ እሱ ግን ገና መሐል ላይ እያለ በግ ጥበቃው ይሻለኛል ብሎ ወጣ። እሳቸው ደብረ ብርሃን ወርደው ዘመናዊውን ትምህርት ቀጠሉ፤ በቁመታቸውና በጠባያቸው ተመርጠውም በ1946 ዓ.ም. እጩ መኮንን ሆነው ጦር ትምህርት ቤት ገቡ።

እዚያ የተማሩት ብዙ ነው፤ ልባቸው የቀረው ግን አንዱ ላይ ነው። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል፣ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሲወርድ የተረኞቹ እጩ መኮንኖች ሥራ እንዲህ ነበር። መለከቱ ይነፋል። የትም ያለ ሰው ባለበት ይቆማል፤ ማንኪያ አፉ ያደረሰም ቢሆን ይቆማል። ሲሰቀል ፈጠን ተደርጎ ይሳባል፣ ቀኑ እንዲበረታ። ሲወርድ ግን በዝግታ ነው፣ የሚወድ ሰው እንግዳውን ሲሸኝ እንደሚያዘግመው። መሬት ከነካ ነውር ነው። ከወረደ በኋላ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው ይወጥሩታል፤ አንዱ ወደ ሌላው እየተራመደ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ አረንጓዴው ከውጭ እንዲሆን አድርገው ያጥፉታል። ይህ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ለብቻ አይሆንም።

በዚህ ማጠፍ የመምህር ወልደ አማኑኤል ሁለተኛ ሰው አፈወርቅ ኮከቤ የሚባሉ የመርሐቤቴ ልጅ ነበሩ። አንዱ የደጋ፣ አንዱ የቆላ፤ አንዱ ጓንት አልፈልግም ሲል ሌላው በሚያዝያም ይንቀጠቀጣል። «አንተ መንዜ፣ ቆዳህ የበግ ነው» ይሏቸዋል። «ያንተ ደግሞ የእንሽላሊት፤ ፀሐይ ካልመታህ አትነቃም» ብለው መንዜው ይመልሳሉ። ባንዲራ ሲያጥፉ ግን አለቆቻቸው ሌሎቹን ተረኞች ጠርተው ያሳዩ ነበር ይባላል።

በ1949 ዓ.ም. ክረምት፣ ዝናብ ባካፋበት አንድ ምሽት፣ አፈወርቅ ገመዱን እያወረዱ፣ ወልደ አማኑኤል ከታች ሊቀበሉ ክንዳቸውን ዘርግተው ሳለ፣ ገመዱ ከአፈወርቅ እጅ አመለጠ። ባንዲራውን ነፋስ ወደ ጎን ወሰደው። ወልደ አማኑኤል ዘለሉ። የአዘላለላቸውን መጠን ጸሐፊው በቦታው አልነበረምና አይናገርም፤ እሳቸው ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ከዚህ እስከዚያ ዋርካ ነው ይሉ ነበር። ሰንደቁ መሬት አልነካም። እሳቸው ግን ድንጋይ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሲድን አንድ እግራቸው አጥሮ ቀረ፤ መኮንን ለመሆን የቀራቸው ጥቂት ጊዜ ሳለ ተሰናበቱ። እንዴት እንደሆነ ሲጠየቁ «ገመዱ ረጥቦ ነበር» ብለው ብቻ መለሱ። አፈወርቅ በሕክምናው ቤት በር ላይ ሦስት ቀን ተመላልሰው ሳይገቡ ሄዱ።

ወልደ አማኑኤል ወደ አገራቸው ተመልሰው በዘመሮ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። በግቢው መሐል ረጅም የጽድ እንጨት አስቆሙ። መለከት ስላልነበረ ጥሩምባ ተዋሱ። እዚህ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ይመስክር፤ ጥሩምባው ለቅሶ የሚነገርበት ነበር። የመጀመሪያው ምሽት በተነፋ ጊዜ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶች ዱላቸውን ይዘው ከየመንደሩ እየጮሁ ደረሱ።

«ማን ሞተ? የማን ቤት ነው?» አሉ አንድ እናት ደረታቸውን እየደቁ።

«ማንም አልሞተም እማማ፤ ባንዲራ እያወረድን ነው» አሉ መምህር።

«ታዲያ እንባዬን ማን ይመልስልኝ? ከላይ ቤት ጀምሬ እኮ ነው ያነባሁት።»

«እስኪወርድ ይቁሙልኝ ብቻ፤ ቆመው ካየሁዎት ይበቃኛል።»

ሴትዮዋም ቆሙ፤ የመጣው ሁሉ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ዘመሮ መቆም ለመደ። የገበያ ቀን ጥሩምባው ሲነፋ እህል የሚሰፍር ቁናውን አየር ላይ ይዞ ይቆማል። አህዮችም ይቆሙ ነበር። ይህን የሚጠራጠር ካለ፣ ባለአህዮቹ እዚህ ለቅሶው ላይ አሉ።

በ1950 ዓ.ም. ወይዘሮ ጥሩሸዋን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። የመጀመሪያውን ባንዲራ የአገራችን ነፋስ በአንድ ክረምት ቆራረጠው። ሁለተኛው መጣ፤ እሱንም ዘነጣጠለው። መምህር ይህ ጨርቅ ለሌላ አገር የተሠራ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡና በእኛው መላ አሰቡ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ የበግ ሱፍ ፈተሉ፣ ቀለም ነከሩ። ከዚያም ባና፣ የሱፉን ብርድ ልብስ፣ የሚሠሩት አቶ አባይነህ ዘንድ ተወሰደ።

«መምህር፣ ይህ ለመደረብ ነው ለመስቀል?» አሉ አቶ አባይነህ።

«ለመስቀል።»

«እንግዲያው የገመዱን ዘለበት ላጥብቀው። ቢወድቅ ሰው ይገድላል።»

እንዲህ ሆኖ የሱፍ ባንዲራ ተሠራ። ነፋስ አልቀደደውም። ግን ነፋስ አላነሣውምም። ጨርቁን የሚቀድደው ነፋስ ባናውን ማወዛወዝ አቃተው፤ ሰንደቁ ጠዋት ተሰቅሎ እስኪመሽ እንደ ደከመው ሰው ክንድ ተንጠልጥሎ ይውላል። መምህር በየመሐሉ ከክፍል ወጥተው ቀና ብለው ያዩት ነበር። አንድ ታኅሣሥ ታጥቦ የድንጋይ አጥር ላይ ተዘርግቶ ሲያድር ውርጭ አድርቆት እንደ በር ሳንቃ ሆነ፤ እንደዚያው ሰቀሉት። ያን ዕለት ትምህርት ቤት ሊጎበኙ የመጡ አንድ ሹም ቅጠል በማይነቃነቅበት ጠዋት ባንዲራው ተዘርግቶ ሲያዩ «ይህ እንዴት ሆነ?» ቢሏቸው፣ መምህር «የእኛ ተማሪዎች ሲዘምሩ ትንፋሻቸው ብርቱ ነው» አሉ። ሹሙ ለምሳ ገብተው ሲወጡ ፀሐይዋ አቅልጣው ተንጠልጥሎ ጠበቃቸው።

ገመዱን ተማሪዎች ይስቡ ነበር። ማጠፉን ግን መምህር ለማንም አልሰጡም። አንዱን ጫፍ በአገጫቸው ደረታቸው ላይ ይጫኑታል፣ ሌላውን በእጃቸው ይስባሉ፣ ባጠረው እግራቸው እየተንገዳገዱ ለብቻቸው ያጥፋሉ። ሱፉ እየፈተገው አገጫቸው ዓመት እስከ ዓመት ቀይ ነበር። የሰፈሩ ሰው ግትርነት መሰለው። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ግን አንድ ቀን ጠየቋቸው።

«የፈተልኩት እኔ። ያጠብኩት እኔ። በውርጭ ጣቴ የተሰነጠቀው የእኔው። ጫፉን ለመያዝ ነው እጅ የሌለኝ?»

«ጥሩዬ፣ ቦታው ተይዟል።»

«በማን?»

«በአፈወርቅ።»

«እና የት አለ አፈወርቅ?»

«ይመጣል። መንገድ ላይ ነው።»

«ከመርሐቤቴ እየዳኸ ነው የሚመጣው?» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ፤ ዳግመኛም አላነሡትም። ግን ባንዲራው ሲታጠፍ ሁልጊዜ የበረቱን በር ሊዘጉ ይሄዱ ነበር፣ የተዘጋም ቢሆን።

አፈወርቅ መኮንን ሆነው ኦጋዴን ከረሙ፣ ኮንጎም ዘመቱ ሲባል ይሰማል። መምህር ወደ ቆላ በሚወርድ ነጋዴ ሁሉ «ወልደ አማኑኤል ቂም የለውም፤ ቦታህ ባዶ ነው ይልሃል በሉት» እያሉ ይልኩ ነበር። መልስ አልመጣም። የማይቀር ሰው የቀጠሩ ይመስል፣ ሁልጊዜ ማታ ማታ ጥሩምባው ከመነፋቱ በፊት ወደ መንገዱ ያያሉ። ጸሐፊው ሊያስቃቸው «በቅሎ ይታየኛል» ሲላቸው ቀልድ መሆኑን እያወቁም ሳይናደዱ ዞረው ያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀልዱን ተወው።

በ1960 ዓ.ም. መጨረሻ ዳሌያቸው እንደገና ጠና፤ ብርዱም ደረታቸው ውስጥ ገባ። ቆመው ማጠፍ አልቻሉም። ወንበር ምሰሶው ሥር ይቀመጥላቸውና በርኖሳቸውን ተከናንበው ያዝዛሉ። ተማሪዎቹ የወረደውን ሰንደቅ ሳይታጠፍ እንደ ታመመ ሕፃን አቅፈው ቤታቸው ያደርሱታል፤ ሳይታጠፍ አልጋቸው ራስጌ ያድራል። ወይዘሮ ጥሩሸዋ በዚያው ክፍል ያልታጠፈ ነገር ዓይናቸው እያየ አልነኩትም።

ባለፈው ኅዳር ወር ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከጓሳ በኩል ነፋስ ተነሣ። ያ ስንት ዓመት የተንጠለጠለ ሱፍ ቀስ ብሎ ተነሣና ተዘረጋ፤ አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ቀዩ ተለይቶ ታየ። መምህር አንገታቸውን ቀና አድርገው ቀሩ። ጥሩምባው ተነፋ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ከበቅሎ ዘሎ ወርዶ ከአጥሩ ውጭ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባንዲራው በዝግታ ወረደ፤ ልጆቹም ተቀበሉት። ሰውየው ግን እንደቆመ ቀረ። ሻምበል አፈወርቅ ነበሩ።

«አፈወርቅ፣ ግባና ቦታህ ላይ ቁም» አሉ መምህር ከወንበራቸው፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል።

ሻምበል ገቡ። ቆባቸውን አወለቁ። «ገመዱ ከእጄ ነው ያመለጠው፣ ወልዴ።»

«ይህን የማላውቅ መሰለህ? ከታች ቆሜ አንተን አይደል የማይ?»

«ታዲያ ለምን ረጥቦ ነው አልክ?»

«ረጥቦም ነበር። እጅህ ደግሞ በርዶት ነበር፤ የቆላ እጅ ነው። በል ጫፉን ያዝ፣ መሽቷል።»

ሻምበል አፈወርቅ ጫፋቸውን ያዙ። ሌላው ጫፍ በልጆቹ ክንድ ላይ ቀረ። መምህር ወንበሩን ተደግፈው ሊነሡ ሞከሩ፤ አልሆነም። ደግመው ሞከሩ። ያን ሁሉ ዓመት ባዶ የነበረው ቦታ ሞላ፤ ባዶ የሆነው የእሳቸው ነበር። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ወደ በረቱ መንገድ ጀምረው ነበር።

«ጥሩዬ» አሏቸው፤ «ነዪ፣ ያዥልኝ።»

መጡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ጫፉን ያዙ። እንዴት እንደሚታጠፍ ግን ማንም አስተምሯቸው አያውቅም፤ ሲታጠፍም ቆመው አይተው አያውቁም። ስለዚህ በአገራችን ባና እንደሚታጠፈው አደረጉት። መጀመሪያ አቧራ እንዲረግፍ አንዴ አራገፉት፣ ሻምበልም ተስበው ሊወድቁ ምንም ያህል አልቀራቸውም። ከዚያ በቁመቱ አጠፉት፣ ወደ ሻምበል ሄደው ከእጃቸው ተቀበሉት፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ዳመጡት። ሲያበቁ ቀዩ ከውጭ ሆነ። ሻምበል አፈወርቅ እንደ እጩ መኮንንነታቸው ዘመን ቀጥ ብለው፣ እርማት እየጠበቁ መምህርን አዩ። ልጆቹም አዩ። የገመዱ ዘለበት አንድ ጣት ቢዛነፍ ሁሉን እንደገና ያሠሩ የነበሩት ሰው፣ ባንዲራውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አኖሩትና በእጃቸው ዳበሱት።

«ይሁን» አሉ። «እንዲህ ሲታጠፍ ይሞቀዋል።»

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ባንዲራው የሚታጠፈው በባና አስተጣጠፍ ነው፤ የሚያጥፉትም ወይዘሮ ጥሩሸዋ ነበሩ። ሻምበል አፈወርቅ ፈቃዳቸው እስኪያልቅ ሌላኛውን ጫፍ ያዙ፤ ከሄዱም በኋላ መርዶ ሲደርሳቸው ተመልሰው ዛሬ እዚሁ ከመሐላችን ቆመዋል።

መምህር ወልደ አማኑኤል በሕክምናም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1961 ዓ.ም. በተወለዱ በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ወላጅ እናታቸውን ወይዘሮ አስካለ ማርያምን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩሸዋን፣ ልጆቻቸውን ተሾመችንና ገብረየሱስን፣ ቀጥ ብለው መቆም ያስተማሯቸውን የዘመሮ ልጆች ሁሉ ትተውልን ሄደዋል። የተሰበሩትን የሚጠግን አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያስቀምጥልን፤ እግራቸውንም በዚያ አገር ያቃናላቸው፤ ለእናታቸው፣ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ። አሜን።

ጸሐፊው መስቀል ጨብጦ የማለ ስለሆነ፣ ከመቃብሩ ከመመለሳችን በፊት አንድ ነገር ማረም አለበት። አህዮቹ ቆመዋል። በውርጭ የደረቀው ባንዲራም እንደተባለው ተዘርግቷል። ከራሱ የጨመረው ነፋሱን ብቻ ነው። ሻምበል በመጡበት ምሽት ነፋስ አልነበረም፤ ሱፉ እንደ ወትሮው ተንጠልጥሎ ነው የወረደው፣ መምህር ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው እያዩት ነበር።