በታሸገው በር ፊት የቆመው ጋዝ

ለተከበሩ የጋዝ አቅርቦትና ቁጥጥር ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ ብርድ እርስዎንም ቤተሰብዎንም እንዳይነካ፣ በተለይ ደግሞ በስብሰባ ብዛት የደከመውን ወገብዎን እንዲምርልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ ሳሉን ካልቆጠሩብን ደኅና ነን። እኔ በሰፈራችን ጋዝ አከፋፋይ ነኝ፤ ይልቁንም እስካለፈው ሳምንት ድረስ ነበርኩ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ደፋር ሆኜ አይደለም፤ በግል የጻፍኩልዎ ሁሉ መልስ ስላጣ፣ ምናልባት ጋዜጣ ላይ ሲያገኙት ለማንበብ ይቀልዎት እንደሆነ ብዬ ነው። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን መለየት ስላቃተኝም አንድ ላይ በቁጥር አቅርቤዋለሁ።

አንደኛ፤ በሞቃቱ ወራት ስላወጡት መመሪያ አመሰግናለሁ። ያን ጊዜ ጋዝ እንደ ልብ ነበር፤ የማከፋፈያ ጣቢያው ሰዎች "ኧረ ውሰዱልን፣ ማስቀመጫ አጣን" እያሉ ይለምኑን ነበር። መመሪያዎ ግን ከአንድ ሳምንት ሽያጭ በላይ በመጋዘኑ ያስቀመጠ ነጋዴ ሁሉ ሕገ ወጥ ክምችት እንደያዘ ይቆጠራል አለ። ዋጋ ለማስወደድ የሚደብቁ እንዳሉ አልክድም፤ እርስዎም ያውቋቸዋል፣ እኔም አውቃቸዋለሁ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ብርዱ ሲገባ ምን ልንሆን ነው ብዬ ስጠይቅ፣ አንድ ትሁት ኃላፊዎ ሻይ ጋብዘውኝ "እሱን ብርዱ ሲመጣ እናየዋለን፣ እህቴ" አሉኝ። ቃላቸውን አላጠፉም። ብርዱ መጣ፣ እያየነው ነው።

ሁለተኛ፤ ኮታችን ባለፈው ዓመት ሽያጭ ልክ እንዲሆን ስለወሰኑልን አመሰግናለሁ። ያለፈው ዓመት ብርድ የዋህ ነበር። ዘንድሮ ግን ዝናብ በአጨዳ ላይ ስለወረደ፣ እህሉን በጋዝ ማድረቂያ ሊያደርቅ የተሰለፈው ገበሬና ቤቱን ሊያሞቅ የተሰለፈው ከተሜ አንድ የማከፋፈያ ጣቢያ በር ላይ ተጋፉ። የጭነት መኪናችንን የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ እዚያ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ቀረ። መጀመሪያ ስልክ ሲደውል "መሪ ይዤ ጢሜ አደገ" እያለ ያስቀኝ ነበር። በኋላ ድምፁ ሲደክም እኔም መሳቄን ተውኩ።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ከመጋዘኔ የኋላ ክፍል ለጤና ጣቢያው ማዋለጃ የሚሆኑ ጥቂት ሲሊንደሮች ለይቼ አስቀምጬ ነበር። ተቆጣጣሪዎ መጡ፤ ጭቃቸውን በር ላይ ጠርገው የገቡ ጨዋ ልጅ ናቸው። የማን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ተሽጦ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የያዙት ሲያልቅባቸው መጥተው ይወስዱታል አልኩ። "እንግዲያው ከሳምንቱ ሽያጭ ውጪ የተቀመጠ ክምችት ነው፤ ምን ላድርግ?" አሉና ማኅተምዎን በሩ ላይ ለጠፉበት።

በማግስቱ ነፋስ የመብራት ምሰሶ ጣለና መብራት ጠፋ። ረፋዱ ላይ አዋላጇ በነጭ ጋዋኗ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ በእግሯ መጣች። ፊት ለፊታችን የምትሠራው ልብስ ሰፊ ያለ ቀኗ ወልዳለች፤ ሕፃኗ በጣም ትንሽ ናት፤ የክፍሉ የጋዝ ማሞቂያም ሊጠፋ ነው አለችኝ። እዚያው ቆማ እያለች ለቢሮዎ ደወልኩ። የመለሱልኝ ሰው ጉዳዩ አስቸኳይ በመሆኑ በጽሑፍ እንዳቀርብ፣ ኮሚቴው በተሰበሰበ ጊዜም ቅድሚያ እንደሚሰጠው አረጋገጡልኝ። ስልኩን ዘግቼ አዋላጇን አየኋት። አልለመነችኝም። ሁለት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ቆማለች። ለምን ብላት፣ "ልጅቷን በቀዘቀዘ እጅ መንካት አልፈልግም፣ ልጄ" አለችኝ።

እሽጉን ቀደድኩት፣ ክቡር ሆይ። ሙጫችሁ ጥሩ ነው፤ ጥፍሬን አስከፍሎኛል።

አንዱን ሲሊንደር በጋሪ ጭነን፣ እሷ ከፊት እየጎተተች እኔ ከኋላ እየገፋሁ፣ ያን ሁሉ ጭቃ አለፍነው። ስንገባ ልብስ ሰፊዋ ሕፃኗን ራቁት ደረቷ ላይ አስተኝታ፣ በላይዋ ያገኘችውን ጨርቅ ሁሉ ደርባባታለች። እኛን ቀና ብላ አላየችንም። "ትተነፍሳለች? እዩልኝ፤ እኔ የራሴ ልብ ይሁን የሷ አልለይ አለኝ" ብቻ ትላለች። ማሞቂያው እንቢ አለ። ሁለተኛም እንቢ አለ። አዋላጇ ክብሪቱን ተቀበለችኝና ለኮሰችው። ክፍሉ ቀስ በቀስ ሞቀ። ከዚያ ከጨርቁ ክምር ውስጥ ቀጭን፣ የተቆጣ ለቅሶ ተሰማ። እናቲቱም ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

አራተኛ፤ ስለ ቅጣቴ አመሰግናለሁ። ተቆጣጣሪዎ የተቀደደውን እሽግ በጣታቸው ነካ አደረጉና "ባላየው ይሻለኝ ነበር" አሉኝ፤ አዩት፣ ጻፉት፣ በሩንም እንደገና አሸጉት። አልቀየምኳቸውም። ፈቃዴ ብርዱ እስኪያልፍ ታግዷል። ማንም ጋዝ በማይፈልግበት ወር ጋዝ እንድሸጥ ስለፈቀዱልኝ ውለታዎን አልረሳም።

በዚህ መሐል ወንድሜ መኪናውን ሞልቶ መጣ። መጋዘኑ ታሽጓል፤ ማራገፍ አይችልም። ሌሎቹ አከፋፋዮችም ከተፈቀደው በላይ እንዳይዙባቸው ፈርተው አንቀበልም አሉት። እነሆ ሙሉው መኪና በታሸገው በር ፊት ቆሟል። ሰው ባዶ ሲሊንደር ይዞ ይመጣል፣ አይቶት ይመለሳል። ጡረተኛው ጎረቤቴ ትናንት ሲሊንደራቸውን እያንከባለሉ መጥተው "ይሄ ሁሉ ጋዝ ነው?" አሉኝ። አዎ፣ አባባ አልኳቸው። "ታዲያ ለምን ይበርደናል?" አሉ። ጥያቄያቸውን ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

ቅጣቴን እንዲያነሱልኝ አልጠይቅም። የሚያምኑትን ሰው ይላኩ፤ ቁልፉን አስረክቤ ዳር እቆማለሁ፤ እሱ ያራግፍ፣ እሱ ይሽጥ። ሕፃኗ አሁንም ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ናት፤ አዋላጇም ያን አንድ ሲሊንደር ጠዋት ጠዋት ከመሬት ነቅነቅ እያደረገች ትመዝነዋለች። ዛሬ በአንድ እጇ አነሳችው።

ለሥርዓት ያለዎትን ጽኑ ፍቅር ከማደንቅ፣ ታዛዥ ለመሆን ሞክሬም ካልተሳካልኝ ሴት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የቀድሞዋ ጋዝ አከፋፋይ

ተጨማሪ፤ ይህን ጽፌ ሳበቃ ከመሥሪያ ቤትዎ ተደውሎልኝ፣ ስለ ብርድ ወራት ዝግጅት የሚመክረው ጉባኤ አዳራሹ ስለቀዘቀዘበት "በዘዴ" የሚገኝ ሲሊንደር ይኖረኝ እንደሆነ ተጠየቅሁ። የለኝም። ጉባኤተኞቹ በጣም ከበረዳቸው ግን የማዋለጃ ክፍላችን ለጊዜው ሞቃት ነው። ጫማቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው ይግቡ፤ የተኛች አለች።