ትራስ ሥር የተደበቀው ኪኒን

ልጄ፣ ያሰብሽው ይቃናልሽ፤ ከክፉ ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽ ግን ወድቃ ዳሌዋ ስለተሰበረ ሆስፒታል ተኝታለች። ደሟ እንዳይረጋ መርፌ ይወጓታል። እሷ ደግሞ ለጉልበቷ የላክሽላትን የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ትራስ ሥር ደብቃ በባዶ ሆዷ ትውጥ ነበር። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር እንኳ፣ ነርሷን ላለማስቸገር ብላ ዝም አለች። ትናንት ደም አስታወከች።

ሐኪሙ፣ "የጨጓራ ቁስሏ ደምቷል፤ መርፌውና ኪኒኑ ተጋግዘው ነው" አለኝ።

የኪኒኑን ብልቃጥ "አምጪ" ስላት፣ "የልጄ እጅ የነካውን አልሰጥም! አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንከው?" ብላ ጨብጣ ያዘችው።

ደም እየተሰጣት ነው። ዳግመኛ ከደማች ግን ሐኪሙ ተስፋ አልሰጠኝም። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ አሁን ግን እባክሽ ደውለሽ "ስጪው" በያት። አታልቅሺባት፣ እዘዣት። ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ድምፅሽንም በጊዜ ያድርስልኝ።

አባትሽ